ስኳር ያለበት ሰው ጉንፋን ሲይዘው

ባለፈው ክረምት እዚህ ጎንደር አንዲት ዘመዴን ለማስታመም ድንገተኛ ክፍል ባደርኩበት ዕለት፣ ገና ጎህ ሲቀድ አንድ ወጣት በባጃጅ ይዘው መጡ። ከቆላ ድባ በኩል ነው የመጡት፤ ማታ መንገድ ስላልነበረ እስኪነጋ ጠብቀዋል። ልጁ ዕድሜው ከሃያ ብዙ አያልፍም። አጥንቱ የወጣ ቀጭን ነው፤ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ዳገት በሩጫ እንደወጣ ሰው ከሆዱ እየሳበ ይተነፍሳል። በዙሪያው የነበርን አስታማሚዎች ሁሉ የሳንባ ምች መሰለን። ነርሷ ጣቱን ወጋ አድርጋ ደሙን ስታስለካ ቁጥር አልወጣም። ብዙዎቹ መለኪያዎች ስኳር ከ600 ሲያልፍ እንደሚያደርጉት «ሃይ» (ከፍተኛ) የሚል ጽሑፍ ብቻ ታየ። አባትየው የአልጋውን ብረት እንደያዙ፣ «ጉንፋን ነበር የጀመረው» አሉ። «እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው። ባዶ ሆዱን መርፌ ብንወጋው ስኳሩ ወርዶ ይሞትብናል ብለን ተውነው።»

ይህን ንግግር ከዚያ ወዲህ ከሌሎች ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ፤ ቃሉ ብቻ ትንሽ ይለያያል። የተናገሩትም ልጃቸውን ችላ ያሉ ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም የተማሩትን በሚገባ ያስታወሱ ናቸው፤ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን) ተወግቶ ምግብ አለመብላት አደገኛ መሆኑን ጤና ባለሙያ ራሱ ነግሯቸዋል። በጤናው ቀን ትክክል ነው። ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት ግን ይኸው ትክክለኛ ነገር ይገለበጣል። ስኳር በሽታና የቫይረስ ሕመም ሲገናኙ የሚመጣው አደጋ ብዙው ክፍል የሚወሰነው በዚህች መገለባበጥ ላይ ነው፤ ስለዚህም ብዙው ክፍል ሊከለከል የሚችል ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ስኳር ያለበት ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ ቫይረስ በቀላሉ ይይዘዋል የሚለው አባባል በደፈናው ሲነገር ልክ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በመያዙ ላይ ሳይሆን ከተያዙ በኋላ በሚከተለው ነው። በአንድ ቤት አምስት ሰው ሲያስነጥስ አራቱ በሳምንት ይነሳሉ፤ አምስተኛው፣ ስኳር ያለበት፣ አልጋ ላይ ይቀራል።

ለምን ይቀራል? በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደተጠቁበት ቦታ የሚደርሱበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ደርሰውም ጠላትን ውጦ የማጥፋት ኃይላቸው ይደክማል። ቫይረስ የገባባቸውን ሕዋሳት ለይተው የሚያጠፉት ወታደሮችም ሥራቸው ይዛባል። በዚህ ላይ ለዓመታት ያልተያዘ ስኳር ትንንሾቹን የደም ሥሮች፣ ልብንና ኩላሊትን አስቀድሞ አዳክሟቸዋል። ስለዚህ ጉንፋኑ ሳንባ ላይ ሲወርድ የሚያገኘው ትርፍ ጉልበት የሌለው አካል ነው። ከቫይረሱ በኋላ የሚከተለው የባክቴሪያ ሳንባ ምችም እንደዚሁ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ይህ አንደኛው አቅጣጫ ነው፤ ሰዎችም በተወሰነ ደረጃ ያውቁታል። የማይታወቀው ሁለተኛው ነው። ሰውነት ትኩሳት ሲይዘው የጦርነት ጊዜ ስንቅ ያወጣል። ኮርቲሶል፣ አድሬናሊንና ግሉካጎን የተባሉት ሆርሞኖች ይጨምራሉ። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ከዚያም አልፎ ከጡንቻ ፕሮቲን አዲስ ስኳር ይሠራል። በዚያው ልክ ኢንሱሊን የሚሠራው ሥራ ይቀንሳል፤ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃም። ታማሚው አንድ ጉርሻ ባይቀምስ እንኳ ስኳሩ ወደ ላይ ይወጣል። የቆላ ድባው አባት ያልተነገራቸው ይህ ነበር፦ ልጃቸው ምግብ አልበላም፤ ጉበቱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያበላው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። የደም ስኳር 180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳሩ በሽንት ይወጣል፣ ውኃንም ይዞ ይወጣል። በትኩሳት ላብ፣ በማስመለስ ላይ ይህ ሲጨመር ሰውየው በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ኢንሱሊን ጨርሶ የጎደለው ሰው ደግሞ ስኳሩ በደሙ ሞልቶ እያለ ሕዋሳቱ ይራባሉ፤ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከስቡ ቃጠሎ ኬቶን የሚባል አሲድ ይወጣል። ያ ከሆድ እየተሳበ የሚወጣው ትንፋሽ ሰውነት አሲዱን ለማስወጣት የሚያደርገው ትግል ነው። ትንፋሹ አንዳንዴ የበሰለ ፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ሆድ ቁርጠትና ትውከት ይኖራል። በመንደር «ምች መታው» ይባላል፤ በኮቪድ ዓመታት ደግሞ «ኮሮና ነው» ተብሎ ኦክስጅን ሲፈለግ ስኳሩን መለካት የተዘነጋበት ጊዜ አይጠፋም። እዚህ ላይ ሁለት ሕመም አንድ መልክ ለብሶ ይመጣል፤ የሚለያቸው አንዲት የደም ጠብታ ናት።

ኮቪድ ስለዚህ ጉዳይ ከማናቸውም በፊት ከነበረ ወረርሽኝ የበለጠ ቁጥር ሰጥቶናል። በእንግሊዝ አገር 61 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ባካተተ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ የወረርሽኙ ወራት ሆስፒታል ውስጥ በኮቪድ ከሞቱት ሰዎች አንድ ሦስተኛው ስኳር ያለባቸው ነበሩ። ዕድሜን፣ ፆታንና ሌሎች ነገሮችን አስተካክለው ሲያሰሉት፣ ዓይነት ሁለት ስኳር (ኢንሱሊን በሚገባ የማይሠራበት) የመሞትን ዕድል ሁለት እጥፍ፣ ዓይነት አንድ (ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት ያቆመበት) ደግሞ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ያሳድገው ነበር። ይህን ቁጥር ሲሰማ የሚደነግጥ ወጣት ይኖራልና ተጨማሪውንም ልናገር፦ በዚያው ጥናት ከ40 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ አደጋው በጣም ዝቅተኛ ነበር። የትንሽ ነገር ሦስት እጥፍ አሁንም ትንሽ ነው።

ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚናገረኝ ከቻይና ሁቤይ የወጣው ነው። እዚያ ዓይነት ሁለት ስኳር ኖሯቸው በኮቪድ የተኙ ሰዎችን ተከታትለው፣ በሆስፒታል ቆይታቸው ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ የሰነበተውን፣ ከዚያ በላይ ከወጣው ጋር አነጻጸሩ። ከመጀመሪያዎቹ የሞቱት 1.1 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 11 በመቶ ናቸው። እርግጥ ሕመሙ የጠናበት ሰው ስኳሩም ይበልጥ ይወጣልና ልዩነቱን ሁሉ ለስኳሩ ቁጥጥር መስጠት ስህተት ነው። ሁለቱ ተመጋጋቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ የሕመሙን ክብደት አስተካክለው ሲያዩትም ልዩነቱ አልጠፋም። «ስኳር አለብህ» የሚለው ስም ብቻውን ፍርድ አይደለም ማለት ነው፤ በሕመሙ ሳምንት ቁጥሩ ስንት ላይ ዋለ የሚለው ጥያቄ ቢያንስ የዚያን ያህል ይመዝናል።

ኢንፍሉዌንዛም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። በአሜሪካ በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ከሚተኙ አዋቂዎች ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ስኳር ያለባቸው ናቸው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች በትንኝ በሚተላለፈው ዴንጊ ሲያዙም ሕመሙ ይበልጥ ይጠናባቸዋል፤ ዴንጊ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ከታየ ወዲህ ለቆላው አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከጎንደር ወርዶ መተማ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ ነው። ልጅ ሳለን ከያዘን ጉድፍ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ የቆየው ቫይረስ ሲነሳ የሚወጣው ያ የሚያቃጥል ሽፍታ፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ሕመሙ ደግሞ ሽፍታው ከደረቀም በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ፤ ምክንያቱም እስካሁን የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የመጡት በአብዛኛው ከወፍራም፣ ከሸመገለና ከተማ ከሚኖር ሰው ነው። የእኛ የገጠር ኢንሱሊን ተጠቃሚ ሌላ ሰው ነው። ይህን ለዓለም ከተናገሩት መካከል የጎንደር ሐኪሞች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደር ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ባመዛኙ ወንዶች፣ ድሆች፣ ገበሬዎችና ቀጫጭን መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ዓይነት ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 በዝርዝሩ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 ግን ሰረዘው። ከጎንደሩ ጥያቄ አሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ባንኮክ ላይ፣ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጠው።

ይህ ከቫይረስ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ያገናኘዋል። በሬዲዮ «ውፍረትና ስኳር ያለባቸው ይጠንቀቁ» ሲባል የሰማ ቀጭን ገበሬ፣ ማስጠንቀቂያው እሱን እንደማይመለከት አድርጎ ይወስደዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፦ የምግብ እጥረት ራሱ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ያዳክማል፤ ስለዚህ ሁለት ቀንበር አንድ ትከሻ ላይ ወድቋል። የዓይነት አምስት ታማሚዎች ኢንሱሊን ሲያጡ ኬቶን እንደ ዓይነት አንዶቹ ቶሎ አይጠራቀምባቸውም ይባላል፤ ነገር ግን በገዛ ቤቱ ተኝቶ የእኔ የትኛው ነው ብሎ መለየት የሚችል ማንም የለም። ኬቶን ባይኖር እንኳ በድርቀት ብቻ ሰው ይሞታል። ያ ወጣት የትኛው ዓይነት እንደነበረ አልጠየቅሁም። እንደ ዓይነት አንድ ቆጥሮ መርፌውን አለማቋረጥ የሚያዋጣ መሆኑ ግን ለሁሉም እኩል ይሠራል።

ወደ ማድ ቤት እንግባ። ጎንደር ውስጥ ሰው ሲታመም እትዬዎች ከየቤቱ ይዘው የሚመጡት ነገር ይታወቃል፦ በቅቤና በማር የተሠራ ትኩስ አጥሚት፣ ዝንጅብል ሻይ በማር፣ ፌጦ በማርና በሎሚ፣ ዳማ ከሴ ታሽቶ። ከዚህ የበለጠ ፍቅር የለም፤ አክስቴ እንዲህ እየተደረገላት ነው ያደገችው፣ እኔም። ስኳር ያለበትና ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ጉበቱ አስቀድሞ ስኳር እየለቀቀበት ነው፤ በላዩ የሚጨመር ማር ማር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም። ዝንጅብሉ ያለ ማር ይቅረብ፤ አጥሚቱም ሳይጣፍጥ፣ ቀጠን ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ።

ማሩ ግን ከቤት አይውጣ። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ፣ ሰውየው ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥና ሲቀባጥር አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ሕይወት ያድናል፤ ራሱን ከሳተ ግን ትን ስለሚለው በአፉ ምንም አይሰጥም። መውረዱ በተለይ የሚያሰጋው ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱትን ነው፤ ይህ ኪኒን ምግብ ኖረም አልኖረም ቆሽትን ኢንሱሊን አምርት እያለ ይጎተጉታል። ምግብ አልወርድ ያለው ሰው ስለዚህ ኪኒን በዚያው ቀን ባለሙያ ማማከር አለበት። ሜትፎርሚን የተባለው ሌላው የስኳር ኪኒን ደግሞ በሌላ ምክንያት፣ ትውከትና ተቅማጥ ሰውነትን ሲያደርቀው፣ መብላትና መጠጣት እስኪመለስ ድረስ ይቆማል። የሚቆም ኪኒን አለ፤ የማይቆም መርፌ አለ። ሁሉንም «መድኃኒት» ብለን በአንድ ከረጢት ስንከታቸው ነው ስህተቱ የሚመጣው።

ሜትፎርሚንን ካነሳሁ ስለ ሌላ ቫይረስ አንድ ነገር ልጨምር። በአሁኑ ጊዜ በአገራችን ለኤችአይቪ በስፋት የሚሰጠው መድኃኒት ዶሉቴግራቪር አለበት። ይህ መድኃኒት ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣበትን መንገድ ስለሚያጠብ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው የሜትፎርሚን መጠኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ችግሩ ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሰጡት ብዙ ጊዜ በሁለት ክፍል፣ በሁለት ካርድ መሆኑ ነው። በኤችአይቪ ክትትል ላይ ያለ ሰው በመገለል ፍርሃት ሁለተኛውን ካርድ ለመጀመሪያው ክፍል አያሳይም። እባካችሁ አሳዩ፤ ቢያንስ የኪኒኑን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ጊዜው ጥቂት እንበል። ጎንደር ደጋ ናት፤ በክረምቱ ብርድ በር ተዘግቶ በአንድ ክፍል ይታደራል፣ ጉንፋንም ከሰው ወደ ሰው ይመላለሳል። ጥር 11 ደግሞ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያለውን ሕዝብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥምቀት አይቅር የሚል ሰው እኔ አይደለሁም፤ ለስኳር ታማሚ የሚሆነው ምክር ከበዓሉ በፊት ኢንሱሊኑንና የመለኪያ ስትሪፑን ማሟላት ነው፤ ምክንያቱም ትኩሳቱ የሚመጣው ከበዓሉ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። በጾም ወራትም ቢሆን፣ በፍልሰታም በረመዳንም፣ ታማሚን የሚያስገድድ ሃይማኖት የለም። ጸበል የሚሄድ ሰውም ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ። ብዙ ካህናት ይህንኑ ይመክራሉ፤ ጸበሉና መርፌው የተጣሉት በእኛ አእምሮ እንጂ በሌላ ቦታ አይደለም።

ኢንሱሊን ይሟላ ማለት ግን ከመናገር ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ከወረዳ ወደ ከተማ በወር አንዴ የሚመላለስ ታማሚ ቀጠሮው ያልፈዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን እርጥብ አሸዋ በያዘ ሸክላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ነገር ግን የተከፈተ ብልቃጥ አራት ሳምንት ያህል ነው የሚያገለግለው። በዚህ መካከል ትኩሳት ቢመጣና መጠኑ መጨመር ቢኖርበት፣ ለወሩ የተሰፈረው ኢንሱሊን ለወሩ አይበቃም። ለወረርሽኝ ዝግጅት ሲባል ጭምብልና ኦክስጅን ይቆጠራል። የመለኪያ ስትሪፕና ኢንሱሊን አብረው ሊቆጠሩ ይገባል ባይ ነኝ፤ በወረርሽኝ ጊዜ የስኳር ታማሚ የሚሞተው በእነሱ እጦት ጭምር ነውና።

ጎንደር ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ የኖረ ነው። ከዚያም በኋላ የጎንደር ሐኪሞች የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ከሆስፒታል አውጥተው በገጠር ጤና ጣቢያ ላሉ ነርሶች አስረክበዋል፤ ታማሚው ቀን ሙሉ ከሚጓዝ፣ ባለሙያው ወደ እሱ ይቅረብ በሚል። አሁን በዚያ ላይ የሚጨመረው ትንሽ ነው፦ ወደ ጤና ጣቢያ ትኩሳትና ከባድ ትንፋሽ ይዞት የመጣ አዋቂ ሁሉ፣ ስኳር አለብኝ አለም አላለም፣ ጣቱ ይወጋ። በዓለም ላይ ስኳር ካለባቸው 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከአሥሩ አራቱ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ብዙ ሰው በሽታውን የሚያውቀው ሌላ ሕመም ጥሎት ሲመጣ ነው።

ያ ወጣት እኩለ ቀን ገደማ፣ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ፣ ኢንሱሊን በመርፌ ሲሰጠው ከቆየ በኋላ ዓይኑን ገለጠና ውኃ አለ። አባትየው ነርሷን፣ «ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ጉንፋን ሲይዘው ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቋት። እሷም፣ «አባባ፣ ካርዱን ይስጡኝ» አለችና ከቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈችላቸው፦ ባይበላም መርፌውን አታቁሙ፤ በየአራት ሰዓቱ ለኩ፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ ስኳሩ ሁለት ጊዜ ከ300 ካለፈ፣ ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከፈዘዘ እስኪነጋ አትጠብቁ። አባትየው ማንበብ አይችሉም ነበር። ካርዱን ለታናሽየው ልጃቸው ሰጡት፤ እሱም የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ አነበበላቸው።